እማሆይ የገዘቷት ጥንቸል

ቀንድ ሲቃጠል ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከአረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ዳር ላይ ከእናቴ ጋር መኖር ስጀምር ጓሮ አለማሁ፤ ካሮቱንና ሰላጣውን ጥንቸል ግጣ ጨረሰችው። በሽቦ አጠርሁ፣ በሥሩ ሾልካ ገባች። ጎረቤት «ቀንድ አጭሽባት» ቢለኝ አሮጌ ጣሳ ላይ ፍም አድርጌ የበሬ ቀንድ ጣልሁበት። ጭሱ ገና ሽው ሲለኝ እማሆይ ወለተ ሐና ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ወይ ጉድ! ስንት ዘመን አስቤያቸው የማላውቅ ሴትዮ።

እማሆይ የልጅነት ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው የመነኮሱ፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ ሴት። ቢጫ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ ነበረቻቸው፤ ሀብታቸው ግን ከጓሯቸው ያለችው የጎመን መደብ ነች። ሁዳዴን የሚገፉት በእሷ ነው። ተርፋ ገበያ ስትወጣም ለጨውና ለኩራዝ ጋዝ ትሆናለች። ስለዚህ ጥንቸል የመጣች ለት ጦርነት ታወጀ። እኔም ከቤታቸው የማልጠፋ ልጅ ነበርሁና አብሬ ዘመትሁ። ቅጠሉ ላይ እበት በውኃ በጥብጠን ረጨን፤ አመድ ነሰነስን፤ የሟች ባላቸውን ካፖርት እንጨት ላይ ሰቀልን፤ ቀንድ አጨስን። ጥንቸሏ እውነተኛ ነበረች። በጠጧን በእጄ ለቅሜያለሁ፣ ረጅም ጆሮዋንም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ግራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ዓመት አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ቤታችን ሽሮ እንኳ አልቆ እማየ እንጀራውን በጨው ውኃ እየነከረች ታበላን ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን ጎመን መብላት ጀመርን። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም፤ የራበው ልጅ ምን ቸገረው!

በዚያው ሰሞን የእማሆይ ጎመን ከነሥሩ እየተነቀለ ይጠፋ ጀመር። እማሆይ «እግሯን ይስበረው!» እያሉ ዙሪያውን በቀጋ እሾህ አጠሩት፤ እኔም እጄ እስኪደማ አብሬ አሰርሁ። በማግሥቱም ሁለት ጎመን ተነቅሎ አደረ። ረፋዱ ላይ ከእማየ ጋር ምንጭ ወርደን ሳለ እማሆይ መጡና ክንዷን አዩት። ከክርኗ እስከ መዳፏ ተቦጫጭሯል። ምን ነካሽ አላሏትም። ጀሪካናቸውን ሞልተው ሄዱ።

ቤታቸው ስደርስ «አንች ትርንጎ፣ ነይ ይኼን እሾህ አንሽልኝ» አሉኝ።

«ጥንቸሏ ብትገባስ?»

«ብትገባ ትግባ! የእግዜር ፍጥረት አይደለችም? ዓይኗን ቢወጋትስ?»

ኧረ በስመ አብ! ትናንት እግሯን ይስበረው ሲሉ የዋሉ ሴትዮ!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጓሯቸው ቆመው ይጮኹ ጀመር። እኛ ምድጃ ዳር ሆነን ቃል በቃል ይሰማናል። «አንች ጥንቸል! በድንግል ማርያም ገዝቼሻለሁ! ከሥሩ እንዳትነቅይብኝ! የታች የታቹን ቅጠል ቅጠፊ፣ አናቱን ተይው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለሁላችንም ይበቃል!» እኔ በሳቅ ሞትሁ። እማየ ከእሳቱ ቀና አላለችም።

ጥንቸሏም ሰማች! ከዚያ ወዲያ የሚጠፋው የታችኛው ቅጠል ብቻ ሆነ፤ አናቱ አይነካም። «እማሆይ አውሬ ገዘቱ» ተብሎ አገር ጉድ አለ። ከየአጥቢያው ሴቶች እየመጡ «ለእኛም ይገዝቱልን» ቢሏቸው በመቋሚያ አባረሯቸው። እኔ ደግሞ ሜዳ ላይ ጥንቸል ባየሁ ቁጥር «ገዝቼሻለሁ!» እያልሁ እጮህ ነበር፤ አንዷም ቆማ አልሰማችኝ።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሳስብ ነው ከጣሳው አጠገብ ቁጭ ያልሁት። ጥንቸል ጎመን ከነሥሩ ነቅላ ትወስዳለች? ጣሳውን ትቼ ወደ ቤት ገባሁ። እማየ ድንች ትልጣለች።

«እማየ፣ ያ የእማሆይ ጎመን...»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪያቸው?»

«እንዴት ብዬ? መነኩሴ ናቸው እኮ! አገር እየሰማ ጥንቸል ናት ብለዋል። እኔ ነኝ ብል ዋሾ ላደርጋቸው ነው? ደግሞስ ባያውቁስ? እውነት ጥንቸል መስሏቸው ቢሆንስ? ይኸው እስካሁን ግራ እንደገባኝ አለሁ።»

እኔም ባሰብኝ። ካላወቁ እሾሁን ለምን አስነሱኝ? ካወቁስ እንዴት አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረባትም? ሰንበት በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገላብጠው ሲስሟት አይቻለሁ።

እማየ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሲያርፉ ገላቸውን ካጠብነው አንዷ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ ነገርኋቸው።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?» አልኋት፣ እንደ ጅል።

«ምን ይሉኛል፣ ልጄ» አለች። «ዝም አሉኝ። እንደ ሁልጊዜው።»