ጂዶ ያላዩት ድልድይ

እዚህ ዓረብ አገር፣ ሳብራ ገበያ ውስጥ አንድ ስልክ ጠጋኝ አለ። የኮምፒውተሩን ማውስ ቀጭ ቀጭ ባደረገ ቁጥር ልገዛው የያዝኩትን ቲማቲም እረሳለሁ። ድሮ ተቀጥሬ የሠራሁበት ባዕብዳ ያለው ክፍል፣ የመድኃኒትና የሳሙና ሽታው፣ በመጋረጃው ጠርዝ የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ፣ አጠገቤም የሽማግሌው ከባድ ትንፋሽ ይመጣብኛል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተቀጠርኩት የማዳሜን፣ የአሠሪዬን፣ አባት ለማስታመም ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ጂዶ፣ ማለትም አያት፣ ስለሚላቸው እኔም ጂዶ አልኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የቀራቸው ድልድይ የሚሠሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ብቻ ሆነ፤ እሱንም የሚጫወቱት በእኔ እጅ ነበር። ማዳሜ በመጀመሪያው ቀን፣ «አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ሁለተኛ ከወደቁ ኸላስ፣ በቃ፣ አረጋውያን መጦሪያ አስገባቸዋለሁ» አለችኝ። ጂዶ ደግሞ ከዚያ ቤት መውጣትን ከሞት አብልጠው ይፈሩ ነበር። እንግዲህ ሥራዬ እንዳይወድቁ መጠበቅ ነው።

ጨዋታው ግን መውደቅ ብቻ ነበር። ገደል ላይ እንጨትና ብረት ቀጣጥለን ድልድይ እንሠራለን፤ ከዚያ የጭነት መኪና ይመጣል። ድልድዩ ካልቻለው መኪናው ቁልቁል ሄዶ ከቋጥኝ ይላተማል። ያ መላተም የውሸት አይመስልም ነበር። አፍንጫው ይጨማደዳል፣ ጎማው ተፈናጥሮ ይንከባለላል፣ የተሰበረው ብረት ተከትሎ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። እኔ አማትቤ ፊቴን አዞራለሁ።

«ሾፌሩስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። እንዳትስቁብኝ።

«ሾፌር የለውም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። መኪናውን ተይውና ድልድዩን ሹፊ፣ እዪው፤ መጀመሪያ የተሰበረው የቱ ነው?»

እኔ ምኑን አውቄ! አንድ ከሰዓት ሸለብ ሲያደርጋቸው ላስደስታቸው ብዬ ክፍት ባገኘሁበት ሁሉ ብረት ደራረብኩ። ሲነቁ በኩራት አሳየኋቸው። መኪናው ገና ሳይደርስ ድልድዩ በራሱ ክብደት ጎብጦ ፍርስ አለ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ድጋፍም ሲበዛ ሸክም ነው፣ ያ ቢንቲ።»

ከዚያ እንደ አዲስ አሠርተው ትርፉን ብረት አንድ በአንድ አስነቀሉኝ። በነቀልኩ ቁጥር ልቤ ይፈራል። ሳንሞክረው ደከማቸው። «ቡክራ፣ ነገ እናየዋለን» አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ከአልጋ ቢወድቁ እንኳ እንዳይጎዱ ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ብርድ ልብስ ደራርቤ ከአልጋቸው ሥር አንጥፌ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጫማቸውን ላመጣ ዞር ስል ሊነሡ ሞከሩና እግራቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠላለፈ። ሮጬ ያዝኳቸው። በሁለት እጄ፣ በደረቴ ያዝኳቸው፤ አልቻልኳቸውም። አብረን ወረድን። ዳሌያቸው ከወለሉ ሲላተም የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መጀመሪያ የተሰበረው የቱ ነው የሚለው ጥያቄያቸው ትዝ አለኝ፤ መልሱ እግሬ ሥር ተነጥፎ ነበር።

ማዳሜን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቸውን አትውሰጂያቸው» አልኳት። እሷም ታለቅስ ነበር፤ ግን «ኸላስ» አለች። በቃሬዛ ሲያወጧቸው ጂዶ እጄን ያዙ።

«ድልድዩን ሞከርሽው?»

«አልሞከርኩም፣ ጂዶ። ሲመለሱ አብረን።»

«ቡክራ» አሉ። ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማዳሜ ክፍሉን እንዳጸዳና ኮምፒውተሩን እንዳጠፋ ነገረችኝ። ብርድ ልብሶቹን አንሥቼ አጣጠፍኩ። ድልድያችን እንደተውነው ቆሟል፤ ቅጥነቱ ያስፈራል። ማውሱን ተጫንኩ። መኪናው መጣ። መሐል ላይ ሲደርስ ድልድዩ ረገብ አለ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም። ብረቶቹ ሲጢጥ እያሉ ቻሉት። መኪናው ማዶ ደርሶ ቆመ።

«ጂዶ፣ ተሻገረ!» ብዬ ዞርኩ። ወንበራቸው ላይ ያጣጠፍኩት ብርድ ልብስ ተቀምጧል።