ኦቾሎ የዘነበው ዝናብ

ለሦስት ቀን ጠፍቶ የነበረው ውሃ ዛሬ ረፋድ ላይ መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያለው ግቢያችን እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ሸተተ።

ይህ ሽታ አክስቴን ያመጣብኛል። የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ የምትኖረው ኦቾሎ፣ ተራራው ላይ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ልትጠይቀን ስትወርድ የሳይንስ ደብተሬን አሳየኋት። ከአባያ ሐይቅ ወደ ደመና፣ ከደመና ወደ ተራራው፣ ከተራራው በመሬት ውስጥ የቧንቧ ውሃችን ወደሚቀዳባቸው ምንጮች የሚሄዱ ቀስቶች ስዬ ነበር።

"የምንጠጣው እናንተ ጋ የዘነበውን ነው" አልኳት።

ብርጭቆዋን አየት አደረገችና "የኛን?" አለች፣ ደስ ብሏት።

ከዚያ ወዲህ በዘነበ ቁጥር ትደውል ነበር። "ልጄ፣ እዚህ ዝናቡ በደንብ ጥሏል። ጀሪካኖቹን አዘጋጂ!" እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች። ምን እንዳንቀዠቀዠኝ እንጃ፣ አንድ ቀን ላርማት ተነሳሁ።

"አክስቴ፣ እንደሱ አይደለም! መሬት ውስጥ የገባው ቶሎ አይወጣም። ከሰው ዕድሜ በላይ የሚቆይም አለ ብለውናል።"

ዝናቡ ቆርቆሮዋን ሲደበድብ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

"ይሁና፤ እኔ ባልኖርም ላንቺ ይደርሳል። አንቺ ብቻ ጀሪካኑን አዘጋጂ።"

ዛሬ አራቱንም ጀሪካን ሞላሁ። ቀና ስል በኦቾሎ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ እየዘነበ ሳይሆን አይቀርም። እጄን በቀሚሴ አደራርቄ ስልኬን አየሁ። የደወለ የለም።