የትሁን ሃያ ሰከንድ

ትሁን በሰፈሩ ክሊኒክ፣ በቁፓት ሖሊሙ፣ የደም ምርመራ መስኮት ላይ መሥራት ከጀመረች አምስተኛ ወሯ ነው። ስድስተኛው ሲያልቅ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ወደ ፋብሪካው የጽዳት ሥራ ትመለሳለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ የፋብሪካው ፈረቃ ደግሞ ልጅን በዕብራይስጥ ‹ጋን› ወደሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ከማድረስ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ስለዚህ ይህችን ወንበር እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የመጣው ሰው ካርዱን በሩ አጠገብ ላለው ማሽን ያሳያል፤ ማሽኑ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ትሁን ቁጥሩን ስትጠራ የዚያ ሰው ፋይል ኮምፒውተሯ ላይ ይከፈታል። ስሙ የተጻፈበትን ተለጣፊ አትማ ትሰጠዋለች፣ ነርሷም ደሙን ቀድታ ብልቃጡ ላይ ትለጥፈዋለች። አለቀ።

ችግሩ ሰው ሁሉ በባዶ ሆዱ ስለሚመጣ፣ ገና በሩ ሲከፈት ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ መድረሱ ነው። ኃላፊዋ ሊሞር አንድ ቀን ወረቀት አውጥታ አሰላችላት።

«ስምና የመታወቂያ ቁጥር ስትጠይቂ ሃያ ሰከንድ ይሄዳል። ለአንድ ሰው ምንም አይደለም። በስልሳ አባዢው! የመጨረሻው ሰው ሃያ ደቂቃ በከንቱ ይቆማል። ማሽኑ ካርዱን አንብቦታል፣ አንቺ ለምን ትደግሚዋለሽ?»

ሒሳቡ ልክ ነው። ትሁን መጠየቋን ተወች። ውላ አድራም ቀና ማለቱን ተወች። ወረፋው አጠረ፤ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ የሚያሳየው የግድግዳው ሰሌዳ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ ሊሞርም በሁሉ ፊት አመሰገነቻት። እሷ የማታየው ነገር የሚሆነው ከመስኮቱ ማዶ፣ ወንበሮቹ ላይ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እማማ ብዙወርቅ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መስኮቱ ላይ ደገፍ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ዶክተሯ ደውላ ‹ፖታስየምሽ ልብ የሚያቆም ነው፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ› አለችኝ። እኔ ይኸው ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አራተኛ ፎቅ ላወጣ ነው! ልቤ መቼ ነው የሚቆመው?»

ትሁን ሳቀች። «ጠዋት ስንተኛ ነበሩ፣ እማማ?»

«አርባ አንድ ነበርኩ። ኋላ አባ ታደገ አርባ ሰባትን ይዘው ሲቀመጡ ጊዜ ወረቀቴን ሰጠኋቸው፣ የሳቸውን ወሰድኩ። ያን ሽበት እያየሁ እኔ ልቅደም? ሁልጊዜስ እንዲህ አይደል የምናደርገው።»

ሳቁ ትሁን ፊት ላይ ደርቆ ቀረ። በአርባ አንድ የተከፈተው የእማማ ብዙወርቅ ፋይል ነው፤ የተቀዳው ግን የአባ ታደገ ደም። ነርሷ የኛ ሰው አይደለችም፣ ብዙወርቅ የሴት ስም መሆኑን በምን ታውቀዋለች? ትሁን ታውቃለች። አንዴ ቀና ብትል ኖሮ፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ የሴት ስም ተቀብለው ሲሄዱ ታያቸው ነበር።

ለአፍታ ሌላ ሐሳብ መጣላት፦ ሽማግሌውን በዘዴ ጠርቶ ነገ ጠዋት እንደገና ማስቀዳት። ማንም አይሰማም። ግን የእሳቸው ልብ እስከ ነገ ይቆያል? ተነሥታ ወደ ሊሞር ቢሮ ገባች።

ሊሞር ሰምታ ስትጨርስ በሩን ዘጋች። «የምትናገሪውን ታውቂያለሽ? የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ነው። ይህ ሲጻፍ ከሥሩ የሚገባው ያንቺ ስም ነው።»

«ይግባ። መጀመሪያ ግን ለዶክተሯ ንገሪያት።»

ሊሞር ስልኩን አነሳች።

አባ ታደገ ቢደወልላቸው አያነሱም። «ቤታቸው ሁለት መንገድ አልፎ ነው» አሉ እማማ ብዙወርቅ፣ ሽንኩርቱን መስኮቱ ሥር ጥለው ከፊት ከፊት እየመሩ። ሽማግሌውን የሕንጻው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ» አሉ።

አምቡላንሱ ሲመጣ ትሁን ልጆቹን ከጋን እንድታወጣላት ለእህቷ ደውላ አብራቸው ገባች። ድንገተኛ ክፍሉ ግጥም ብሏል። ስማቸው ሲጠራ አባ ታደገ አጠገባቸው የምታቃስተውን አሮጊት አዩ።

«እሷ ትቅደም። እኔ እቆያለሁ።»

«አይሆንም አባ። ይሄ ተራ ለሰው አይሰጥም።»

«ማነሽ አንቺ ደግሞ የምታዢኝ?»

«ጠዋት ቀና ብዬ ያላየሁዎት ነኝ።»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ አልጋቸውን እንዲገፉላቸው ፈቀዱ። ሐኪሞቹ እስኪመሽ አልተለዩዋቸውም። ወደ ቤታቸው የተመለሱት በአራተኛው ቀን ነው።

ለትሁን ደብዳቤ ደረሳት። ማስጠንቀቂያው ፋይሏ ውስጥ ገብቷል፤ ቋሚ መሆኗ ደግሞ ለሦስት ወር ተራዝሟል፣ ከዚያ ይታያል። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ ላይም በአማርኛ የጻፈችውን ወረቀት ለጠፈች፦ «ተራ የምትለዋወጡ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ መስኮቱ ኑ።»

በማግስቱ ጠዋት አሥረኛው ሰው ላይ ስትደርስ ሰሌዳው ቀላ። ከኋላ አንድ ወጣት «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ በዕብራይስጥ ይጮሃል። ሊሞር በሯ ላይ ቆማ አንዴ ሰሌዳውን አንዴ ትሁንን ታያለች።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አለች ትሁን፣ ቀና ብላ።

«አይ አንቺ! አምስት ወር ሙሉ እዚሁ ስመላለስ ስሜን አታውቂውም?» አሉ መስኮቱ ላይ የደረሱት ሴትዮ።

«ዛሬ ይንገሩኝ፣ እማማ» አለች። እስኪነግሯትም ጠበቀች።