መልሼ ያስቀመጥኩት ኪኒን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤዛ ባሕር ዳር አዲስ ወደ ተከፈተ ሱፐርማርኬት ይዛኝ ገባች። እሷ ጋሪውን እየገፋች ፊት ፊት ስትሄድ እኔ አንድ እሽግ ሻይ አንስቼ አገላበጥኩ። ቤታችን ሻይ ሞልቷል፤ አያስፈልገንም። ግን መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝና ጋሪው ውስጥ ጨመርኩት።

«አባባ ደግሞ! የነኩትን ሁሉ መግዛት ግድ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ይህ አመሌ ለቤተሰቡ የቆየ መሳቂያ ነው። ከየት እንደመጣ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ ወረታ ውስጥ የሱቅ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቱ ጎንደርና ባሕር ዳርም ሱቅ ነበረው፤ የኛው ከሦስቱ ትንሹ ነው። ረጅም ባንኮኒ፣ አንድ ሚዛን፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የላምባ ሽታ። ሠራተኞቹ እኔና አያ ታከለ ብቻ ነበርን። አያ ታከለ የአንበሳሜ ሰው ናቸው፤ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ስኳር መዝነው ሲጨርሱ «ይኼ ለልጆች» ብለው አንድ ጭብጥ ጣል ያደርጋሉ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረን እናድራለን፣ የጓያ ሽሯችንን በጋራ እንበላለን፣ ጥግ ላይ ካለው እንስራ ቀዝቃዛ ውኃ እየቀዳን እንጠጣለን። እንስራውን የሠራችው ይመኙሻል የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። የወረታ ድስትና እንስራ አብዛኛው የሷ እጅ ሥራ ነው።

ያን ክረምት ባለቤቱ ባንኮኒውን አስነቀለው። ሱቁንም አስመራ ሠርቶ ለመጣ አቶ መኩሪያ ለሚባል ኃላፊ ሰጠው። ከእንግዲህ ደንበኛው በር ላይ ዘንቢል ተቀብሎ፣ በመደርደሪያዎቹ መሐል እየዞረ የሚፈልገውን ራሱ ያነሳል ተባለ። ነሐሴን ሙሉ ጨውና ስኳር እየመዘንን በወረቀት ስናሽግ ከረምን። ነጭ ጋወን ተሰፋልን። እኔ በጋወኔ ኮርቼ መስታወት ፊት ስመላለስ አያ ታከለ «እንግዲህ ሐኪም መስለን ጨው ልንሸጥ ነው» ይሉኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ሱቁ ተከፈተ። ሰዉ ጭቃውን በሩ ላይ አራግፎ ገባና ቆሞ ቀረ። ሻጭ ያላቀበለውን ዕቃ በገዛ እጅ ማንሳት ስርቆት መሰለው። ቀድማ የደፈረችው ይመኙሻል ናት። አንድ ሳሙና አንስታ አሸተተች፤ መለሰችው። የጨው እሽግ በእጇ መዘነች፤ እሱንም መልሳ ሌላ አነሳች። ደስ ብሏት ነበር፤ ፊቷ አሁንም ድረስ ይታየኛል።

ከኋላዋ የነበረች አንዲት ባላገር ዘንቢሏን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«በስመ አብ! ቡዳ የነካካችውን ነው ይዤ የምገባ? ኧረ ልጆች አሉኝ!»

እዚህ ላይ ለዛሬ ልጆች መንገር አለብኝ። ያኔ ሸክላ ሠሪንና ብረት ቀጥቃጭን ሕዝቡ ቡዳ ይል ነበር፤ ዓይናቸው ያየው፣ እጃቸው የነካው ሁሉ ሰው ያሳምማል እያለ። እኔም በዚያው ወሬ ያደግሁ ነኝ። ባንኮኒው ሳለ ይህ ነገር ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ሁሉም ከኛ እጅ ስለሚቀበል ይመኙሻል የምትነካው የገዛችውን ብቻ ነበር። ባንኮኒው ሲነሳ ግን የሷ እጅና የነሱ እጅ አንድ መደርደሪያ ላይ ተገናኘ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዉ ከበር እየተመለሰ ሄደ። አቶ መኩሪያ ዕቃውን ሁሉ አስለወጠና ይመኙሻል ከደጅ ቆማ የምትፈልገውን እንድናቀብላት ወሰነ። አያ ታከለ ዝም አላሉም።

«ጌታው፣ እኛስ ውኃ የምንጠጣው በማን እንስራ ነው?»

«እንስራ ሌላ፣ ንግድ ሌላ» አላቸው። «እኔ በቡዳ አላምንም። የማምነው በደንበኛ ነው።»

አያ ታከለን ጨው እንዲያሽጉ ዕቃ ቤት አስገባቸው፤ በሩን መጠበቁንና ዘንቢል ማደሉን ለኔ ሰጠ። እንጀራዬ ነውና ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ሹመትም መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዝናቡ ገና አልወጣም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቷል፤ ወባው በየቤቱ ገብቷል። ይመኙሻል በጠዋት የሣር ገሳዋን ለብሳ ደጅ ቆመች።

«ሞላ፣ ልጄን ወባ ጥሏታል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ። ያን የወባ ኪኒን አምጣልኝ» አለችኝ።

«ቆይ፣ አመጣልሻለሁ።»

«እሺ፣ እዚሁ ነኝ።»

ያኔ ወረታ ውስጥ ኪኒን የሚሸጥ ከኛ ሌላ አልነበረም። ከመደርደሪያው አንስቼ ወደ በሩ ስመለስ ያቺው ባላገር መንገድ ላይ ያዘችኝ። «ለሷ አቀብለህ በዚያው እጅህ የኔን ዘንቢል ልትይዝ?» አለችኝ። ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ እጄን አዩ። ሰዉ ቀለል ሲል እሰጣታለሁ ብዬ ኪኒኑን ጋወኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሰዉ ግን ቀለል አላለም። አንድ ሁለቴ በበሩ አየኋት፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ገሳዋ ላይ ይፈሳል። አልጮኸችም፣ አልጠራችኝም። አያ ታከለን ብጠራቸው ተነስተው ይሰጧት ነበር። ፈሪ ነበርኩ፤ አልጠራኋቸውም።

ቀትር ላይ ስወጣ የለችም። የቆመችበት ላይ ሁለት የእግር ዱካ ውኃ ሞልቶት ነበር። ኪኒኑን ከኪሴ አወጣሁና መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

የሆነውን ሐሙስ ዕለት አያ ታከለ ነገሩኝ። ይመኙሻል ያን ቀን ኪኒን ፍለጋ በእግሯ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ሄዳ ነበር። በማግስቱ ይዛ ስትመለስ ልጅቱ አልጠበቀቻትም። ለቅሶ የደረሱት አያ ታከለ ብቻ ናቸው። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ጋወናቸውን አጣጥፈው አልጋዬ ላይ አኖሩና ወደ አገራቸው ሄዱ። አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወር በኋላ ገበያ ላይ፣ ሸክላዎቿ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። ጥቁር ለብሳለች። ብዙ ነገር ልላት አስቤ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ቀድማ ያናገረችኝ እሷ ናት።

«ሞላ፣ ያ እንስራችሁ ደኅና ነው? አልተሰነጠቀም?»

«አልተሰነጠቀም፣ እትዬ» አልኳት። እትዬ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር። ሌላ ቃል ሳልጨምር ተመለስኩ።

ኪኒኑ ያዳናት ነበር ወይ? አላውቅም፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖሬ አላወቅሁም። እኔ የማውቀው በእጄ እንደነበረና ከመደርደሪያው እስከ በሩ አሥር እርምጃ እንደማይሞላ ነው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ስንደርስ ቤዛ ሻዩን ከጋሪው አወጣችው።

«አባባ፣ ይኼን ልመልሰው?»

«ተይው ልጄ» አልኳት፤ ከእጇ ተቀብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የሻዩንም ጨምረን ሒሳቡን ከፍለን ወጣን። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር።