ለአንድ ጉድጓድ ሁለት ችግኝ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሥራ የሚሠራው በማለዳ ነው፤ ከረፈደ ወዲያ ጥላ የሌለው ግቢ ግቢ አይባልም። የውባለም ግቢ ጥላውን ያጣው አንድ ክረምት ላይ ነበር፤ ትልቁን የኒም ዛፍ ነፋስ ገነደሰው። ባሏ ተፈራ ያን ጊዜ ደኅና ነበር። የጭነት መኪና ሲነዳ፣ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ያረጀ ሰው፣ ግንዱን ብቻውን ፈልጦ ጨረሰው።

በዓመቱ ግን አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ውባለምን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እናቴ፣ ብዙም አይቆዩም፤ ቤት ወስደው ያስታምሟቸው» አላት። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣችና፣ «ደም ማነስ ነው አሉ» አለችው።

ሐምሌ ሲገባ ጎረቤቷ ሐምዲያ ከጀውሃ ችግኝ ጣቢያ ሁለት ችግኝ ይዛላት መጣች፤ አንድ ኒም፣ አንድ ቀይ ቡገንቪል።

«ይምረጡ፣ እትዬ ውባለም። ግቢው ጠባብ፣ ውሃው በጄሪካን፤ ሁለቱንም አይችሏቸውም። እኔን ከጠየቁኝ ኒሙን። ቡገንቪል እሾህና ጌጥ ነው፤ ሥሩ ፍየል እንኳ አታርፍም።»

ውባለም ሁለቱን አስተያየች። ኒም ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። ቡገንቪሉ ግን ዘንድሮውኑ ያብባል፤ ተፈራ ካልጋው ሆኖ ያየዋል። ታዲያ አበባውን ብትተክል፣ ምነው ቸኮልሽ አይላትም? የደበቀችውን በገዛ እጇ መንገሯ አይደል? ኒሙን አነሳች።

ተፈራ አልጋው በሩ አጠገብ ነውና ያያታል።

«የቱ ነው ቶሎ የሚደርሰው?» አላት።

«ኒሙ ነዋ! ዛሬ ተተክሎ ነገ ትጠለልበታለህ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ይህን ሁሉ ዘመን ከሾፌር ጋር ኖረሽ ውሸት አልቻልሽበትም፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ምን ዋሸሁ?»

«ደም ያነሰው ሰው ጉበት ይበላል እንጂ ዘመድ አይጠራለትም። እህቴ ከደብረ ሲና ድረስ የወረደችው ለደም ማነስ ነው?» ዓይኑን ወደ ቡገንቪሉ መለሰ። «እሱን ትከይው። እዚህ፣ ከፊቴ።»

«እኔስ? እኔ በምን ልጠለል?»

ሐምዲያ «ያ አላህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ውባለም እንባዋን እያፈሰሰች ኒሙን አስቀምጣ ቡገንቪሉን ተከለች። ከዚያ ወዲያ በባልና ሚስቱ መካከል ውሸት አልነበረም፤ የልባቸውን እያወሩ ከረሙ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀይ ብቅ አለ። ተፈራ አየው፤ «መጣ እኮ!» አለ፣ እንግዳ የመጣበት ይመስል። ለመስቀል ግን እሱ አልደረሰም። የለቅሶው ድንኳን ሲተከል ሰው ችግኙን እንዳይረግጠው ሐምዲያ አጠገቡ ቆማ ዋለች።

ዛሬ ቡገንቪሉ አጥሩን አልፎ መንገደኛ ያቆማል። ለውባለም ጥላ አይሰጣትም። «ምነው አሁን እንኳ ሌላ ዛፍ ቢተክሉ?» ሲሏት፣ «ደርሶ ከማን ጋር ልቀመጥበት ነው?» ትላለች። ፀሐዩ ሲበረታ በርጩማዋን አንስታ፣ የግድግዳውን ጥላ እየተከተለች ቤቱን ትዞራለች።