ሙጫ የያዘው ቅጠል

ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። ሰው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የከበረ ድንጋይ ይሰጠኛል፤ አበባ ወይ ወፍ አድርጌ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ አውጥቼ እመልስለታለሁ። ምላሴ ደግሞ ከመቅረጫ ማሽኔ የባሰ ስለታም ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ አልደብቅም። የደበቅኩት ሌላ ነገር ነው።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር የምንሠራው። እኔ እቀርጻለሁ፣ እሱ ይወለውላል። የእኔ ማሽን መስኮቱ ሥር፣ የእሱ ቆዳ የለበሰች መወልወያ ጎማ በሩ አጠገብ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዳችን ለመውጣት ሌላችን ወንበር ማንሳት ነበረብን። እናታችን ስትሞት አሥር ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግኩትም፣ ሙያ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። እጁ ግን ከእኔ በለጠ። እኔ ቧጭሬ ያቀበልኩትን እሱ መስታወት ያደርገዋል።

"እትዬ፣ ይቺን ጠርዝ ሆን ብለሽ ነው አይደል ያበላሸሽብኝ?" ይለኛል እየሳቀ።

"ሥራህን ሥራ፣ አስተማሪህ ነኝ" እለዋለሁ። ኮራሁበት እንጂ አልቀናሁበትም።

አንድ ቀን የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት አንዲት አረንጓዴ ድንጋይ ይዛ መጣች፤ የአባቷ ማስታወሻ ነች። "ቅጠል አድርጊልኝ፣ ልጄ ስትመረቅ አንገቷ ላይ አስርላታለሁ" አለችኝ። ድንጋይዋን ውሃ ነክሬ ወደ ብርሃን ባያት መሀሏ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አላት። ለሌላ ደንበኛ ቢሆን "እህቴ፣ ይቺ ቀጭን ሥራ አትችልም፣ ክብ አድርገን እንተዋት" እል ነበር። ሴትዮዋ ግን ወሬኛ ነች፤ አቃታት ብላ እንድታወራብኝ አልፈለግኩም። ቀረጽኩ። የመጨረሻዋን ጅማት ሳወጣ ቅጠሉ ለሁለት ተከፈለ።

ሙጫ አለ አይደል? ጠብ አድርጌ ገጠምኩት፣ ትርፉን በምላጭ ጠረግኩት። መጋጠሚያው ጅማቱ ላይ ስለዋለ ዓይን አያየውም። ድንጋይ ሲወለወል እንደሚሞቅ፣ ሙጫ ሲሞቅ ደግሞ እንደሚለቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ቀስ ብሎ ከወለወለው ያልፋል አልኩ በሆዴና አቀበልኩት። ቀስ በል ግን አላልኩትም፤ ካልኩት ለምን ይለኛላ።

እሱ ሲወለውለው ሴትዮዋ ልትወስድ መጥታ አጠገቤ ቆማለች። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ ማሽኑን አጠፋ፣ ሁለቱን ቁራጭ መዳፉ ላይ ይዞ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። "የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ" አላት። እሷም "ይሄ ምን ዓይነት እጅ ነው?" ብላ አፏ ያመጣላትን ሁሉ አወረደችበት። ያ አጥንት የሚሰብር ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ጭራሽ "ምን ይደረግ፣ ሰው ይሳሳታል" ብዬ አስታራቂ ሆኜ ቁጭ። ትዝ ሲለኝ ዛሬም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጎማዋ ፊት ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት የጆሮ ጌጥ ሰበረ፤ እነሱን በእውነት እሱ ነው የሰበራቸው። "እትዬ፣ ስምሽን አላጠፋብሽም" ብሎ ወጣና የመጋዘን ጠባቂ ሆነ። ስምሽን አለኝ እኮ።

ስምንት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ቤቱ እሄዳለሁ፣ ልናገር እልና እውጠዋለሁ። ባለፈው እሁድ ሚስቱ የመነጽሯ ብሎን ወልቆባት እንዲያስገባላት ሰጠችው። ወደ እኔ ገፋው። "ለእትዬ ስጪያት፣ እኔ የነካሁት ይሰበራል" ብሎ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች፤ የለመዱት ቀልድ ነው ለካ። እኔ አፈርኩ፣ አንገቴን ደፋሁ።

"ወንድምዓለም፣ ያ ቅጠል እኔ ጋ ነው የተሰበረው" አልኩት። ስንጥቁን ቀድሜ ማየቴን፣ ሙጫውን፣ ሴትዮዋ ፊት ዝም ያልኩት አውቄ መሆኑን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

 ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እያገላበጠ ያያቸው ጀመር።

"እና ደህና ነበሩ?" አለኝ።

"ደህና ነበሩ።"

ወደ እኔ የገፋውን መነጽር መልሶ አነሳና ብሎኗን ሊያስገባ ሞከረ። ሦስቴ ወደቀችበት። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል።