በወፍጮ ድምፅ የተሸፈነ ጸሎት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ እኔና አጎቴ የምንጸልየው ወፍጮ ሲፈጭ ብቻ ነበር። የተከራየናት ክፍል እዚያ ዱራ የሚሉትን ማሽላ ከሚፈጨው ወፍጮ ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ዓርብ ከቀትር በኋላ የሰፈሩ ሰው ከመስጊድ ተመልሶ እህሉን ሲያመጣ ሞተሩ ይነሳል። ግድግዳው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በሩን ዘግተን ፊታችንን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንመልስና ሰንበትን እንቀበላለን። ሰፈሩ የሚያውቀን እንደ ክርስቲያን ነው። ቤተ እስራኤል መሆናችንን ለማንም አልተናገርንም።

አጎቴ በጎንደር ገጠር ደብተራ ነበር። ቄሱ ሲጀምር ተቀብሎ ሕዝቡን በዜማ የሚመራ እሱ ነው። በረሃቡ ዘመን ከወገኖቻችን ጋር በእግራችን ሱዳን ገባን። እናትና አባቴ መንገድ ላይ ቀሩ። እኔ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ታምሜ ሐኪም ቤት ስተኛ ወገኖቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰዱ። አጎቴ እኔን ጥሎ አልሄደም። ቆሜ መሄድ ስችል ወደ መጠለያው ብንመለስ የዘመዶቻችን ጎጆ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶበታል። አጎቴ ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እኔ የሰሊጥ ጆንያ የምሸከም ጎልማሳ ሆኛለሁ፤ የአጎቴ ዓይን ደግሞ እየደከመ ነው። ድምፄ ጥሩ ነበር። እርሻ ላይ ሳንጎራጉር የቀን ሠራተኛው ሁሉ ማጭዱን አቁሞ ይሰማኛል። አንድ ቀን አጎቴ ጠራኝና፣

«ይህ ጸሎት ከእኔ ጋር እንዳይቀበር። ተማር» አለኝ።

መጽሐፍ የለንም። ሁሉም ከአፍ ወደ አፍ ነው። እኔ እመራለሁ፣ እሱ ይቀበለኛል። የግዕዙን ትርጉም በአማርኛ ካልነገርሁት ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም። የመጀመሪያውን ወርማ ጭራሽ ዜማ ከለከለኝ። ቃሉን በትንፋሽ ብቻ እንድል ነበር የሚያዝዘኝ። ተናደድሁ።

«ድምፄ ምን ጎደለው?» አልሁት።

«ምንም አልጎደለውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ስታዜም ማን ነው የሚሰማህ?»

«አንቱ ነዎታ የሚሰሙኝ።»

«እንግዲያው ለእኔ እየዘፈንህ ነው። ጸሎት ገና አልጀመርህም።»

አነጋገሩ አልገባኝም። አርጅቶ ቀንቶብኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ይህን ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በከተማው ናፍጣ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ዓርብ እንደ ልማዳችን ጀመርን። ረጅሙና ከፍ ብሎ የሚወጣው ዜማ ላይ ስደርስ ሞተሩ አንዴ አስሎ ቆመ። አጎቴ ወዲያው ዝም አለ። እኔ ቀጠልሁ። አልሰማሁም ነበር ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሰምቻለሁ። ድምፄ ያለ ሞተሩ ክፍሉን ሲሞላው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበርና ወደድሁት። አጎቴ እየዳበሰ መጥቶ አፌን በመዳፉ እስኪከድነው ድረስ አላቆምሁም። ውጭ ጆንያቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጸጥ ብለዋል። አንዱ በዓረብኛ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች በፒክአፕ መጡ። ዓርብ ዕለት ሲያዜም የነበረው ማን ነው አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት አጎቴ «እኔ ነኝ» አለ። እሱን ወሰዱት።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በየቀኑ ምግብ ይዤ እስር ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ፤ ዘበኛው ሳህኑን ይቀበለኛል፣ ስለ ሰውየው አይነግረኝም። በአሥረኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢያችን በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የፊት ጥርሶቹ የሉም። ሲናገር ከጉሮሮው የሚወጣው እንደ ደረቅ የዱራ አገዳ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው። «የማን ሰላይ ነህ ይሉኛል» አለኝ። ሌላውን እስኪሞት አልነገረኝም።

የቤቱ ባለቤት ክፍሉን ልቀቁ ስላለን ከከተማው ዳር፣ ጎረቤት ራቅ ካለበት፣ የሣር ጎጆ ተከራየን። እኔ ዜማ የሚባል ነገር እርም አልሁ። እርሻ ላይም አላንጎራጉርም። ስድስት ወር ያህል እንዲህ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ልብሱን እያጠብሁለት፣ አላስችል አለኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ሞተሩ ሲቆም ሰምቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «ትንፋሽህ ሲለወጥ እሰማ የለም እንዴ።»

አለቀስሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። ለቅሶዬን ስጨርስ፣

«አሁን የሚያኮራህ ነገር አልቀረም። ዛሬ ጀምር» አለኝ።

ጀመርሁ። ድምፄ ይሰነጠቃል፤ ከሐፍረት ይሁን ከመተው አላውቅም። እሱ ድምፅ ስለሌለው መቀበያውን በሹክሹክታ ይለዋል። ዜማው ሲወጣና ሲወርድ በጣቱ ጉልበቴ ላይ ያሳየኛል። አንዳንድ ቀን ማንኛችንም ዜማውን አናገኘውም፤ ተኮራርፈን እንተኛለን። አንድ ዓርብ ግን ጸሎቱን ፈጽሜ ዝም ስል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የራሴን ድምፅ አንድ ጊዜም እንዳልሰማሁት ታወቀኝ። አምሮ ይሁን አስቀያሚ ሆኖ አላውቅም። ወደ አጎቴ ዞር ስል ጣቱን ከጉልበቴ አንስቶታል። መቼ እንዳነሳው አላውቅም።

በክረምት፣ ጭቃው መኪና በማያሳልፍበት ጊዜ ሞተ። ከመተማ በኩል ለሥራ የመጡ አራት ክርስቲያኖች ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ እነሱ ተሸከሙልኝ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ ጸለይሁ። ድምፄ እንደ ቁራ ነበር፣ ቃል ግን አልዘለልሁም። አንደኛው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣

«ወንድሜ፣ ይኸ የየት አገር ፍትሐት ነው?» አለኝ።

«የአጎቴ ነው» አልሁት።

ራሱን ነቅንቆ አካፋውን አነሳ።

እንደ ሕጋችን ሬሳ ስለነካሁ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቼ ተቀመጥሁ። ጎረቤቶቼ በሐዘን ያበድሁ መስሏቸው ምግብ በሩቅ አስቀምጠውልኝ ይሄዱ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተራ የሚጠብቁ ወገኖቼ ጸሎት ቤት ሄድሁ። ወጣቶቹ ከታተመ መጽሐፍ በዕብራይስጥ ይጸልያሉ። መሪያቸውን የአባቶቻችንን ጸሎት አውቃለሁ አልሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ አስቀምጦ ሰማኝ።

«አባባ፣ ደስ ይላል። ግን ማን ይቀበልዎታል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። የእኛ ጸሎት መሪና ተቀባይ ይፈልጋል። አሁን ዓርብ ዓርብ በኪራይ ቤቴ ብቻዬን ቆሜ ራሴ እመራለሁ፣ ራሴ እቀበላለሁ። የመሪውን ክፍል አንድም ቃል አልሳትሁም። አጎቴ ይለው የነበረው መቀበያ ግን እየጠፋኝ ነው። ስደርስበት ቆም እላለሁ፣ አይመጣልኝም፤ ቦታውን ባዶ ትቼ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።